ቃል በዝርዝር አይለመድም፤ ስለ እንግሊዝኛ ትምህርትና ስለ ልብ ወለድ ታሪክ ንባብ

በዚህ ዘመን የእንግሊዝኛን ቋንቋ ጠልቆ ለማወቅ የሚደክም ወጣት እጅግ ብዙ ነው። ትጋቱ የሚያስመሰግን፣ መንገዱ ግን የሚያሳዝን ነው። ይኸውም ወጣቱ በደብተሩ ላይ ሁለት ረድፍ ያሰምራል፤ በግራው የእንግሊዝኛውን ከባድ ቃል፣ በቀኙ የአማርኛውን ፍቺ ይጽፋል፤ በየቀኑም ሃያ ሃያ ቃል እየቈጠረ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ያጠናዋል። ደብተር የሰለቸው ደግሞ በስልኩ ላይ የተሰናዳውን ዝርዝር እየገለጠ ያንኑ ያደርጋል። ወሩ ሲፈጸም «ስድስት መቶ ቃል ዐወቅሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን አንድ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ታሪክ አምጥተው ከፊቱ ቢዘረጉለት፣ የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጨርስ ይታክታል። ቃሎቹን አንድ በአንድ እያወቃቸው ነገሩ ይጠፋበታል።

ይህ የሚሆነው ወጣቱ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። የያዘው የትምህርት መንገድ ቃልን ከቤቱ አውጥቶ፣ ከዘመዶቹም ለይቶ ብቻውን የሚያሳይ በመሆኑ ነው። ቃል ደግሞ እንደ ሰው ነው፤ ጎረቤት አለው፣ የሚስማማው ወዳጅ አለው፣ የሚከበርበትና የሚያፍርበትም ስፍራ አለው። አንድን ሰው በስሙና በመልኩ ብቻ የሚያውቅ ሰው «ጠባዩን ዐውቃለሁ» ቢል ማንም አያምነውም። እንደዚሁም ቃልን በፍቺው ብቻ ያየ ሰው ቃሉን ዐወቅሁት ሊል አይገባውም። ስለዚህ ከፍ ያለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሊማር የሚወድ ሰው ዝርዝሩን ከዋናው ወንበር አውርዶ በግርጌ ያስቀምጠው፤ በዋናው ወንበር ላይ ግን ሙሉ የልብ ወለድ ታሪክ መጽሐፍ ያኑር።

ነገሩ የጌጥ ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ክርክር ባላስፈለገው ነበር። በኢትዮጵያ ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳቡም፣ የተፈጥሮ ሳይንሱም፣ የታሪክና የምጣኔ ሀብቱም መጽሐፍ የሚነበበው በዚህ ቋንቋ ነው። በሩ የተዘጋበት ሰው በቤቱ ውስጥ ያለውን ሀብት አያገኝም። በኢትዮጵያ አቈጣጠር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በተሰጠ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶው አራት እንኳ አልሞሉም። ለዚህ ውድቀት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሁሉንም በቋንቋ ላይ መጫን እውነት አይሆንም። ይሁን እንጂ የሚያነበውን የማያስተውል ተማሪ፣ ሌላው መሰናክል ሁሉ ቢነሣለትም ከውድቀት አይድንም። እንዲህ ያለውን ተማሪ በቃላት ዝርዝር ሊያድኑት የሚሞክሩ ሰዎች፣ ለተራበ ሰው እንጀራ በመስጠት ፈንታ የእህል ስም እንደሚቈጥሩለት ያሉ ናቸው።

የዝርዝር ወዳጆች ይህን ሲሰሙ መዝገበ ቃላትን ምስክር አድርገው ይጠራሉ። «መዝገበ ቃላት ራሱ ዝርዝር አይደለምን? ሊቃውንቱ ደክመው ያዘጋጁት ልንማርበት አይደለምን?» ይላሉ። መልካም ነው፤ ምስክሩ ይጠየቅ። ሲጠየቅ ግን የሚመሰክረው በእነርሱ ላይ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰን የተባለው ሊቅ ታላቁን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት በለንደን ከተማ ያሳተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1755 ዓ.ም. ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሥራውን በሦስት ዓመት እፈጽማለሁ ብሎ በ1746 ዓ.ም. ቢዋዋልም ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀበት። በመጽሐፉ የተመዘገቡት ቃላት ከ40,000 ይበልጣሉ። ያን ያህል ዘመን የፈጀበት ምክንያት ቃላቱን የሰበሰበው በንባብ ስለ ሆነ ነው። የታላላቆቹን ደራሲያን መጻሕፍት እያነበበ፣ ለአንድ ቃል አገባብ ምስክር የሚሆነውን ዐረፍተ ነገር በእርሳስ ያሰምርበት ነበር፤ ስድስት ጸሐፊዎችም ያሰመረበትን እየተቀበሉ በየወረቀቱ ይገለብጡለት ነበር። እንዲህም ሆኖ በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከ100,000 የሚበልጡ ጥቅሶች ገቡ። ፍቺውን ጽፎ ሊያልፍ ሲችል ጥቅሶቹን ለምን ጨመረ ቢባል፣ ቃል ሲሠራበት ካልታየ በቀር ፍቺው ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቀ ነው። እንግዲህ መዝገበ ቃላት የንባብ ልጅ ነው። ልጁን አቅፎ አባቱን ከደጅ የሚመልስ ሰው የዚያን ቤት ሥርዐት አላወቀም።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን ካሳተመ ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1759 ዓ.ም.፣ አንድ አጭር ልብ ወለድ ታሪክ ጻፈ፤ ባለታሪኩም ራሴላስ የተባለ የሐበሻ ልዑል ነው። በዚያ ዓመት በጥር ወር እናቱ ስለ ሞተችበት፣ ለቀብሯ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ሲል በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጽፎ እንደ ጨረሰው ይነገራል። ኢትዮጵያን በዐይኑ አላያትም፤ ነገር ግን ገና በወጣትነቱ፣ በ1625 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የገባው ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጕዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1735 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። የልዑሉም ስም የአፄ ሱስንዮስ ወንድም ከነበሩት ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም የመጣ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ታሪኩ የሚጀምረው በአማራ ምድር፣ በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ነው። የንጉሡ ልጆች ዙፋን እስኪደርሳቸው ድረስ በዚያ ሸለቆ በምቾት ተዘግቶባቸው ይኖራሉ፤ ይህንም ያነበበ ኢትዮጵያዊ አምባ ግሸን ትዝ ሳይለው አይቀርም። ይህን መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። መዝገበ ቃላት የሠራው ሰው ራሱ፣ ከባዶቹን ቃላት በታሪክ ላይ ሲያውላቸው ሊያይ ለሚወድ ኢትዮጵያዊ፣ ከዚህ የሚቀርብ መጽሐፍ ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ዝርዝሩና ታሪኩ ፊት ለፊት ይቁሙ። ፈተናን ተስፋ አድርገው በሚዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች ውስጥ ዘወትር ከሚገኙት ከባድ ቃላት አንዱ «ቪሲሲቲዩድ» የሚለው ነው። ተማሪው በደብተሩ በቀኝ በኩል «የኑሮ ውጣ ውረድ፣ መከራ» ብሎ ይጽፋል። ኋላም ራሴላስን ሲያነብ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ ይህን ቃል ያገኘዋል። በዚያ ስፍራ ግን ቃሉ «ለስላሳ» ከሚል ቅጽል ጋር ተጣምሮ፣ የሸለቆው ነዋሪዎች ደስታና ዕረፍት ተራ በተራ እየተፈራረቁላቸው መኖራቸውን ይናገራል። በዝርዝሩ የተማረ ሰው እዚህ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የሸለቆው ልጆች በመከራ ይኖሩ ነበር ብሎ ታሪኩን ይገለብጠዋል፣ ወይ መጽሐፉ ተሳስቷል ይላል። በንባብ የተማረ ሰው ግን ቃሉ ከሥሩ መፈራረቅን፣ ተራ በተራ መለዋወጥን እንደሚያመለክት፣ ውጣ ውረድ የሚባለውም ደጉና ክፉው ስለሚፈራረቁ እንደ ሆነ በአንድ ጊዜ ይገባዋል። በላቲን የቃሉ መነሻ «ተራ» ማለት ነው። አንዱ ዐረፍተ ነገር ዝርዝሩ በአንድ ወር የማይሰጠውን ሰጠው።

ሁለተኛው ምሳሌ «ክሬዱሊቲ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በመጽሐፉ የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል። ዝርዝሩ «ነገርን በቶሎ ማመን» ብሎ ይተረጕመዋል፤ ትርጕሙ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን «ማመን» ከሚለው የላቲን ሥር የወጡ ሌሎች ቃላት በአጠገቡ ተሰልፈው ስለሚቆሙ፣ አንዱ የሚታመነውን ነገር፣ አንዱ ምስጋና የሚገባውን ሥራ፣ አንዱም በቶሎ የሚያምነውን ሰው ሲያመለክቱ፣ ተማሪው ሦስቱንም አደባልቆ ይይዛቸዋል። ታሪኩን የሚያነብ ሰው ግን አይደባለቅበትም። በስድስተኛው ምዕራፍ አንድ ብልኅ ሠራተኛ ክንፍ ሠርቶ ከሸለቆው በአየር ሊወጣ ተስፋ ያደርጋል፤ ልዑሉም የልቡ ምኞት ስለ ሆነ ተስፋ አድርጎ ይጠብቃል። በቀጠሮው ቀን ሠራተኛው ክንፉን አራግቦ ቢዘል ሐይቁ ውስጥ ወደቀ፤ በአየር ያላነሣው ክንፍ በውሃ ላይ ደግፎ አቆየውና ልዑሉ ከፍርሃት የተነሣ ሊሞት የደረሰውን ሰው ወደ ዳር ጐትቶ አወጣው። ደግሞም በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ ልዑሉ ሐዘንንና ቍጣን ስለ ማሸነፍ በአማረ ንግግር የሚያስተምር አንድ ፈላስፋ አግኝቶ ያደንቀዋል። ባለቅኔው ኢምላክ «በምግባር አስተማሪዎች ላይ ለመታመን አትቸኵል» የሚል ምክር ቢሰጠውም አይሰማም። ከጥቂት ቀን በኋላ ፈላስፋው አንዲት ልጁ ሞታበት፣ ያ ሁሉ ትምህርቱ ምንም ሳያጽናናው ሲያለቅስ ያገኘዋል። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ቃሉን ለመረዳት ደብተር አያስፈልገውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለው የአገሩ ተረት ራሱ ከልቡ ተነሥቶ ቃሉን ይተረጕምለታል።

ከዚህ የተነሣ አንድ ነገር ይታያል። የመልካም ልብ ወለድ ታሪክ ደራሲ አንድን ከባድ ቃል በመግቢያው ላይ ቢያስቀምጥ፣ ቀጥሎ ያለው ታሪክ ሁሉ የዚያ ቃል ትርጓሜ ይሆናል። ዝርዝር ይህን ማድረግ አይቻለውም። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ቤት የተማረ ሰው ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። መምህሩ «አንድም» እያለ ለአንዱ ቃል ሁለትና ሦስት ምሥጢር ሲያወጣ፣ ምሥጢሩን የሚያወጣው ከፊቱና ከኋላው ካለው ንባብ ጋር እያስማማ ነው። ከንባቡ የተቈረጠ ቃል «አንድም» ሊባልበት አይችልም።

የዝርዝር ወዳጆች ከዚህ ላይ ሁለተኛውን ምሽጋቸውን ይይዛሉ። «አባቶች ግዕዝን የተማሩት ግስ በቃላቸው እያጠኑ አይደለምን? የቅኔ ተማሪ ግሱን ከነትርጕሙ ሌሊትና ቀን ሲያወርድ አይኖርምን? ግስ ዝርዝር ካልሆነ ምንድር ነው?» ይላሉ። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሊናቅም አይገባውም። ነገር ግን ግማሹን ተናግሮ ግማሹን የሚደብቅ ነው። የቅኔ ተማሪ ወደ ግስ የሚደርሰው ገና በልጅነቱ በንባብ ቤት ከተቀመጠ፣ ዳዊቱንም ደጋግሞ ካነበበ በኋላ ነው። ዐይኑና ጆሮው የግዕዝን ዐረፍተ ነገር ከጠገቡ ወዲያ ነው ግስ የሚሰጠው። ግሱንም ተቀብሎ ዝም አይልም፤ ቅኔ ይቈጥርበታል፣ የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያቃናለታል። እንግዲህ ግስ ከፊቱ ንባብ፣ ከኋላውም ሥራ አለው። በዛሬው ተማሪ እጅ ያለው የእንግሊዝኛ ዝርዝር ግን ከፊቱ ንባብ የለውም፣ ከኋላውም ቅኔ የለውም። አባቶችን ምስክር የሚጠራ ሰው የአባቶችን ሥርዐት ሁሉ ይቀበል፤ ከመካከሉ የሚመቸውን ብቻ ቈርጦ አይውሰድ።

ሦስተኛው ክርክር ከዕውቀት የመጣ ነው፤ ስለዚህ በዕውቀት ሊመለስለት ይገባል። «ልብ ወለድ ታሪክ ማንበብ ለእንግሊዞች ልጆች ይጠቅም ይሆናል፤ ለውጭ አገር ሰው ግን ትርፉ ጥቂት ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ በ1978 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ስለ እንግሊዝኛ ተወላጆች እጅግ የሚያስደንቅ ነገር አሳይቶ ነበር። አንቶኒ በርጀስ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ» የተባለው ልብ ወለድ ብዙዎቹ ከሩሲያኛ የተወሰዱ ሁለት መቶ አርባ ያህል እንግዳ ቃላት አሉት። አንባቢዎቹ የቃላት ፈተና እንደሚጠብቃቸው ሳይነገራቸው፣ የቃላት መፍቻም ሳይሰጣቸው አንብበው ከጥቂት ቀን በኋላ በቃላቱ ቢፈተኑ፣ በአማካይ ከመቶ 76 ያህሉን ዐወቁ። የዚያ ታሪክ ግፍና ክፋት ለወጣት ንባብ የሚመከር አይደለም፤ ስለ ቃል ያስተማረው ነገር ግን እውነት ነው። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ማርሊዝ ሆርስት፣ ቶም ኮብና ፖል ሚራ የተባሉ ተመራማሪዎች በዑማን አገር የሚገኙ 34 ተማሪዎች የቶማስ ሃርዲን አንድ ልብ ወለድ በቀለለ እንግሊዝኛ ተጽፎ እንዲያነቡ አደረጉ። ተማሪዎቹ አስቀድመው ከማያውቋቸው ከሃያ ሦስት ያህል ቃላት መካከል፣ ከንባቡ በኋላ በአማካይ አምስት ያህሉን ዐውቀው ተገኙ።

የዝርዝር ወዳጆች ይህን ቍጥር አንሥተው «እነሆ፣ ከሃያ ሦስት አምስት!» ብለው ይሳለቃሉ። ይሁን እንጂ ያው ጥናት በታሪኩ ውስጥ ስምንት ጊዜና ከዚያም በላይ የተደጋገሙት ቃላት ይልቅ በልብ እንደሚቀሩ አሳይቷል። እንግዲህ ጥፋቱ የንባብ አይደለም፤ የንባብ ማነስ ነው። አንዲት የቀለለች ታሪክ አንድ ጊዜ ያነበበ ሰው አምስት ቃል ካተረፈ፣ ዐሥር መጻሕፍት ያነበበ፣ ከእነርሱም ሁለቱን የደገመ ሰው ስንት ያተርፍ ይሆን? ደግሞም ፈተናው የመዘነው የቃልን ፍቺ ብቻ ነው። ከዚያ ጋር የመጣውን የዐረፍተ ነገር አገባብ፣ የቃላቱን ጕርብትና፣ የሰውን ጠባይ ማወቅ የሚመዝን ሚዛን በዚያ አልቀረበም። «ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ጥናት የንባብ ወዳጆችም የሚማሩት ተግሣጽ አለ። አንዳንድ አስተማሪዎች የንባብን ጥቅም ሰምተው፣ ገና ቀላሉን ዐረፍተ ነገር ለማንበብ ለሚንተባተብ ተማሪ ትልቁን የቻርልስ ዲክንስን መጽሐፍ ያሸክሙታል። ይህ ጭካኔ ነው። ፖል ኔሽን የተባለው የኒው ዚላንድ ሊቅ በ2006 ዓ.ም. እንዳስረዳው፣ አንድን ልብ ወለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከመቶ ቃል 98ቱን ማወቅ ቢያስፈልግ፣ አንባቢው ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሺሕ የሚደርሱ የቃል ቤተሰቦችን ዐውቆ መገኘት አለበት። ከአምሳ ቃል አንድ ብቻ እንግዳ ሲሆን፣ አርባ ዘጠኙ ያንን አንዱን እየመሩ ያስተዋውቁታል፤ ከዐሥር ቃል ሦስቱ እንግዳ ሲሆኑ ግን እንግዶቹ ቤቱን ይይዙታል። ስለዚህ ጀማሪው በቀለለ እንግሊዝኛ ከተጻፉት ታሪኮች ይጀምር። የግዕዝ ሊቃውንት የቋንቋን ሥርዐት «ሰዋስው» ብለው የጠሩት መሰላል ማለት ስለ ሆነ ነው፤ በመሰላልም ከታችኛው እርከን ሳይጀምሩ ወደ ላይ መውጣት አይቻልም።

ከዝርዝር ወዳጆች መካከል ደግሞ እጅግ ብልኆች የሆኑ አሉ። እነዚህ ዝርዝሩን በልብ ወለድ ልብስ ሸፍነው ይሸጡታል። በአሜሪካ ለኮሌጅ መግቢያ ፈተና የሚፈለጉትን ከባድ ቃላት በየዐረፍተ ነገሩ እየሰገሰጉ፣ ቃላቱንም በጐላ ፊደል እያተሙ ልብ ወለድ የመሰለ ነገር የጻፉ ሰዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለው መጽሐፍ ውስጥ ሰዎቹ የሚናገሩት ልባቸው ስለ ሞላ አይደለም፤ ቃሉ ተራው ስለ ደረሰ ነው። ጨው የበዛበት ወጥ እንደማይበላ ሁሉ፣ ከባድ ቃል የበዛበት ታሪክም አይነበብም። ቃሉም በእውነተኛ ጽሑፍ ውስጥ የሚውልበትን ስፍራ አያሳይም። ይባስ ብሎ፣ ኤስ ኤ ቲ የተባለው ያ ፈተና ብርቅ የሆኑ ቃላትን እየለዩ ዐረፍተ ነገር መሙላትን የሚጠይቀውን ክፍል በ2016 ዓ.ም. አስቀርቶ፣ ቃልን በተሰጠው ንባብ ውስጥ እንዳለው አገባብ ወደ መጠየቅ ተመለሰ። ለፈተና ብለው ብቻ የተሸመደዱት ቃላት ፈተናው ሲለወጥ ሥራ ፈትተው ቀሩ፤ ንባብ የለመደው ተማሪ ግን ምንም አልጐደለበትም።

ከምእመናን ወገን የሚነሣም ተቃውሞ አለ። «ልብ ወለድ ታሪክ ያልሆነውን እንደ ሆነ አድርጎ የሚናገር ስለ ሆነ ጊዜን ያባክናል፤ ወጣቱን ቋንቋ እናስተምር ብለን ሐሰት አናስተምረው» የሚሉ አባቶችና እናቶች አሉ። ጭንቀታቸው ከፍቅር የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጸው በመጣ ጊዜ፣ ኀጢአቱን በዝርዝር አልቈጠረለትም፤ አንዲት በግ ብቻ ስለ ነበረችው ድኻና በጎች ሞልተውት ሳለ ያችኑ አንዲቱን ስለ ወሰደበት ባለጠጋ ታሪክ ነገረው እንጂ። ታሪኩም የዳዊትን ልብ ከፈተ። ጌታም ሕዝቡን በምሳሌ አስተምሯል። በልብ የተፈጠረ ታሪክ ሁሉ ሐሰት ከተባለ፣ እነዚህስ ምን ሊባሉ ነው? የሚገባው ነገር መልካሙን ከክፉው መምረጥ ነው። ራሴላስን ያነበበ ወጣት ሀብት፣ ሥልጣን፣ ብቸኝነትም ሆነ ፍልስፍና በዚህ ዓለም ፍጹም ደስታ እንደማይሰጡ ሲመረመር አይቶ ይወጣል፤ ከባዶቹንም ቃላት የሚያገኛቸው በዚህ ምርመራ ላይ ነው።

«ይህ መጽሐፍ ያረጀ ነው፤ በ1759 ዓ.ም. ቋንቋ የሚናገር ወጣት መሳቂያ ይሆናል» ቢባልም መልስ አለው። አንድ መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው በርግጥ የዚያ መጽሐፍ እስረኛ ይሆናል፤ መድኀኒቱም ሌላ መጽሐፍ ነው። የናይጄሪያው ደራሲ ቺኑአ አቼቤ በ1958 ዓ.ም. ያሳተመው «ቲንግስ ፎል አፓርት» እንግሊዝኛ በቀላል ቃል ምን ያህል ጥልቅ ነገር ሊናገር እንደሚችል ያሳያል። ኢትዮጵያውያንም በዚህ ቋንቋ ጽፈዋል። ሣህለ ሥላሴ «ዘ አፈርሳታ»ን በ1969 ዓ.ም.፣ ዳኛቸው ወርቁ «ዘ ተርቲንዝ ሰን»ን በ1973 ዓ.ም.፣ መዓዛ መንግሥቴም «ዘ ሻዶው ኪንግ»ን በ2019 ዓ.ም. አሳትመዋል። የአገሩን ነገር አስቀድሞ የሚያውቅ አንባቢ፣ በእነዚህ መጻሕፍት ቃሉ ቢከብደው እንኳ ነገሩ ይመራዋል። ከጆንሰን ጀምሮ እስከ እነዚህ ድረስ ያነበበ ሰው፣ አንድ ቃል በየትኛው ዘመንና በየትኛው ጉባኤ እንደሚነገር ራሱ ይለያል።

እንግዲህ የሚገባው ሥርዐት ይህ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ምዕራፉን ሳያቋርጥ ያንብብ፤ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቃል እየቆመ መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው በየድንጋዩ እየተቀመጠ የሚጓዝ መንገደኛ ነውና መሽቶበት ከዱር ያድራል። ሁለተኛ ሲያነበው ነገሩን የዘጉበትንና ደጋግመው የመጡትን ቃላት ብቻ ያስምርባቸው፤ ፍቺያቸውን አስቀድሞ ከአገባባቸው ይገምት፤ ግምቱንም ኋላ በመዝገበ ቃላት ይመርምር። በደብተሩ ሲጽፍም ቃሉን ካገኘበት ዐረፍተ ነገር ጋር ይጻፍ። ከዚያም በቃሉ የራሱን ዐረፍተ ነገር ይሥራ፤ የሚያርመው ሰው ካገኘም ያሳርም፤ ይህ የቅኔው ቈጠራና ነገራ ነው። የራሴላስን የአማርኛ ትርጕም ያገኘ ሰው እንግሊዝኛውን ካነበበ በኋላ ያስተያየው፤ ነገር ግን አስቀድሞ አይመልከተው። እንግሊዝኛው የደራሲነት መብቱ ዘመን ካለፈ ብዙ ጊዜ ስለ ሆነ በነጻ ይገኛል። በዚህ መንገድ ከአንድ መጽሐፍ አርባ ቃል ብቻ የያዘ ተማሪ፣ ስድስት መቶ ከሸመደደው ይበልጣል፤ አርባው የእርሱ ገንዘብ ናቸውና። ስድስት መቶው ግን ከሌላ ሰው የተዋሱት ጌጥ ነው፤ የሰው ወርቅ ደግሞ አያደምቅም።

አስተማሪዎችና ወላጆችም በዚህ ነገር ዕዳ አለባቸው። ልጁን «ዛሬ ስንት ቃል አጠናህ?» ብሎ የሚጠይቅ ወላጅ ዝርዝርን ያነግሣል፤ «ዛሬ ያነበብኸው ታሪክ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ማስተዋልን ያነግሣል። ትምህርት ቤትም ለቃላት ዝርዝር ማባዣ የሚያወጣውን ወረቀትና ገንዘብ ለጥቂት የታሪክ መጻሕፍት ቢያውለው፣ አንዱ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ብዙ ተማሪ ያስተምራል።

በሐዋርያት ሥራ የተጻፈው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። ፊልጶስ ቀርቦ ያነበበውን ያስተውለው እንደ ሆነ ጠየቀው፤ እርሱም የሚመራው ሰው እንደሚያስፈልገው ሳያፍር ተናገረ። ቀጥሎ ያቀረበው ጥያቄ ግን ስለ አንድ ቃል ፍቺ አልነበረም፤ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ማን እንደ ሆነ ጠየቀ እንጂ። ቃሎቹን ዐውቋቸዋል፤ የፈለገው ነገሩን ነው። ያ ሰው በእጁ የያዘው ሙሉ መጽሐፍ ስለ ነበረ ጥያቄው ወደ ታላቅ መልስ አደረሰው። በሁለት ረድፍ የተሰመረ ደብተር ብቻ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ ፊልጶስ ከሠረገላው ላይ ቢወጣም የሚተረጕምለት ነገር ባላገኘ ነበር።